ለኩምቢዋ የተሳለ ዘይት

እስቲ ንገሩኝ፤ ለአሮጌ መኪና አፍንጫ ማውጣት ወንጀል ነው? ነው የምትሉ ካላችሁ ንባቡን እዚሁ አቁሙና ወደ ኬላው ሂዱ፤ እዚያ የሚመስላችሁ ሰው ታገኛላችሁ። አይደለም የምትሉ ደግሞ ታገሡኝ። የማወራው ስለ አንዲት ፒካፕ የአየር ቧንቧ ነው፤ የምጠይቀው ግን ስለ እህቴ እግር ነው።

እህቴ ሰርኬ ትባላለች፤ ባሏ እንግዳው። የሚኖሩት ከመተማ ወደ ሸሕዲ ከሚወስደው አስፋልት ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ በሰሊጥና በማሽላ ማሳ በተከበበ መንደር ነው። እኔም የማስተምረው እዚያው መንደር ነው። አባቶቻችን ከደጋ ወርደው ያቀኑት መሬት ነው። አፈሩ መረሬ ነው፤ ክረምት ላይ ጎማ ይውጣል፣ ክረምቱ ሲወጣ ደግሞ ዱቄት ይሆናል። ዱቄት ስል ማጋነኔ አይደለም። አንድ ትራክተር ካለፈ ከኋላው የሚመጣ ሰው የገዛ መዳፉን አያየውም።

እንግዳው በዚህ አቧራ ውስጥ የሚነዳት የናፍጣ ፒካፕ አለችው። ቀለሟ ምን እንደነበረ የሚያስታውስ የለም። ከእሱ በፊት ከነዷት ሰዎች አንዳንዶቹ በሕይወት የሉም። በመንደሩ ሌላ መኪና ስለሌለ የእንግዳው ናት የምንለው ለወጉ ነው እንጂ የሁላችንም ናት። ሙሽራ ትጭናለች፣ አስከሬን ትጭናለች፣ ምጥ የያዛትን፣ ወባ ያንቀጠቀጠውን ትጭናለች። በሰሊጥ ወቅት ደግሞ እባብ የነደፈውን ትጭናለች።

ይህን የመጨረሻውን የደጋ አንባቢ ላያውቀው ይችላል። ሰሊጥ ከታጨደ በኋላ በነዶ በነዶ ይታሰርና እንዲደርቅ ተደጋግፎ ይቆማል፤ ክምሩን ሂላ እንለዋለን። ለእኛ ሂላ ነው፤ ለእባብ ጥላ ነው። ፀሐይዋ ስታነድ ከሥሩ ይገባል፤ ነዶውን አንሥቶ ሊያራግፍ የመጣ ሠራተኛ እዚያው ያገኘዋል። ሰሊጥ ደግሞ ቀጠሮ አያውቅም፤ ሲደርቅ አፉን ከፍቶ ፍሬውን መሬት ላይ ያፈሳል። ስለዚህ እባብ አለ ብሎ ከማሳ የሚቀር የለም።

ዓምና ትዕዛዙ የሚባል ከጎጃም የመጣ የቀን ሠራተኛ ተነደፈ። መኪናዋ ጭናው ወጣች፤ ከመንደሩ ራቅ እንዳለች ግን ማሳል ጀመረች። ጥቁር ጭስ ትተፋለች። እንግዳው ነዳጅ ሲረግጥ ጉልበቷ ይጨምራል ሲባል ይብሳል። ወርዶ ኮፈኑን ይከፍታል፣ ፊልትሮውን አውጥቶ ጎማው ላይ ያራግፋል፣ መልሶ ይገጥማል፤ ትንሽ ትሄድና እንደገና ትታፈናለች። ከአስፋልቱ በፊት ያለችው ዳገት ላይ ጭራሽ ቆመች። ትዕዛዙ እዚያው ዳገት ላይ፣ ራሱን እህቴ ጭን ላይ አድርጎ ሞተ። እስኪሞት ድረስ የእናቱን አገር ስም ይነግራት ነበር፤ እንዳትረሳው።

ሰርኬ ከዚያ በኋላ ባሏን አላስቀመጠችውም። ሰው ጭና የምትታፈን መኪና ደጄ አትቁም አለች። አዲስ መኪና ከየት ላምጣ ቢላት፣ አዲስ አላልኩህም፣ የምትተነፍስ ነው ያልኩህ አለችው። እሱ ሲያመነታ ጊዜ ራሷ መተማ ገበያ ድረስ ሄዳ ሷሊህን ይዛው መጣች።

ሷሊህ ትራክተር ጠጋኝ ነው። ምላሱ ከመዶሻው ይፈጥናል፤ ከእሱ በቀር ሞተር የሚያውቅ ሰው በመተማ እንዳልተወለደም ያምናል። ኮፈኑን ከፍቶ ጭንቅላቱን አስገባና ሲስቅ ሰማነው።

«ያ ዞል፣» አለው እንግዳውን፣ አንተ ሰው ለማለት፣ ከድንበር ማዶ ባሉት ሱዳኖች አጠራር፤ «መኪናህ አስም የለባትም። አፍንጫዋን ቂጧ ላይ ተክለውባት ነው።»

አነጋገሩ ስድ ነው፤ ነገሩ ግን እውነት ነበር። መኪናዋ አየር የምትስብበት አፍ ከፊት ጎማው በላይ፣ ከሞተሩ ጎን ነው። ጎማው የሚያነሣውን አቧራ በሙሉ የሚቀበለው እሱ ነው። በዚያ ላይ ሞተሩ ራሱ ያጋለውን አየር መልሶ ይስባል። የጋለ አየር ስስ ነው፤ ናፍጣው በደንብ አይነድበትም፤ ሳይነድ የቀረው ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። አስፋልት ላይ የሚነዳ ሰው ይህ ጉድለት መኖሩንም ላያውቅ ይችላል። እኛን ግን ሰው አስቀብሮናል።

ሷሊህ ማሳ መካከል ቆሞ ከዛገ ትራክተር ላይ የአየር ማጽጃውን ነቅሎ አመጣ። ክብ የብረት ጎድጓዳ ነው፤ ከሥሩ ዘይት ይይዛል። የሚገባው አየር ዘይቱን ነክቶ ሲያልፍ አቧራው ዘይቱ ውስጥ ይቀራል፣ ንጹሑ ወደ ሞተሩ ይሄዳል። ይህን ጎድጓዳ ከኮፈኑ አውጥቶ ከፊት ጎማው በላይ ፓራፋንጎው ላይ አሰረው። በላዩ ደግሞ የጭነት መኪና ጭስ ማውጫ የነበረ ወፍራም ቧንቧ በየደና፣ በመስታወቱ ጎን አሳልፎ ከጋቢናው ጣሪያ በላይ አወጣው። እዚያ ከፍታ ላይ አቧራው ይሳሳል፤ የሞተሩም ግለት አይደርስም። መጋጠሚያዎቹን ሁሉ በጎማ ጠቅልሎ በሽቦ አጠበቀ። ከዚያ ሞተሩን አስነሣና የጭነቱ ቦታ ላይ ወጥቶ የቧንቧውን አፍ በመዳፉ ከደነው። ሞተሩ ተንገዳገደና ጠፋ።

ሌላ መተንፈሻ ቀዳዳ የላትም ማለት ነው፣ አለን ከላይ ሆኖ፤ ከዛሬ ጀምሮ የምትተነፍሰው እኔ በሰጠኋት አፍንጫ ብቻ ነው። የቆመው ሰው አጨበጨበለት፤ እሱም ጭብጨባውን እንደሚገባው ሰው ተቀበለ። መንደሩ ቧንቧውን ኩምቢ አለው። ስሙ ጸና።

ጎድጓዳው የሚፈልገው የሞተር ዘይት ነበር። ያን ሰሞን የሞተር ዘይት ከመተማም ከሸሕዲም ጠፍቷል፤ የተገኘውም ምን እንደተቀላቀለበት አይታወቅም። ሷሊህ ሳቀብን። ዘይት ዘይት ነው፣ ሰሊጥ አገር ተቀምጣችሁ ዘይት አጣን አትበሉኝ አለ። ጎድጓዳው ውስጥ በሚስማር መስመር ጫረና ከዚህች እንዳታልፉ ብሎ ለእንግዳው አሳየው። ሰርኬ የጨመቀችውን የሰሊጥ ዘይት እስከ መስመሯ ሞሉት። ሷሊህም መፍቻዎቹን ጠቅልሎ ለትራክተር ሥራ ወደ አብደራፊ ሄደ።

ኩምቢዋ ሠራች። ይህን ማንም አይክደንም። ትዕዛዙ የሞተባትን ዳገት መኪናዋ ጭስ ሳትተፋ ወጣቻት። ስታልፍ ብቻ ትንሽ የጥብስ ሽታ ትተዋለች፤ ቀልደኞቹ የእንግዳው መኪና ምሳዋን ሠርታ አለፈች ይሉ ነበር።

መጀመሪያ ያዳነችው የጎረቤታችንን የረፊቃን ባል ነው። ወባ አናቱ ላይ ወጥቶበት ራሱን ስቶ ነበር፤ ሸሕዲ በጊዜ ደረሰ፣ ታከመ፣ በእግሩ እየሄደ ቤቱ ገባ። በማግሥቱ ረፊቃ የሰሊጥ ዘይት በጠርሙስ ይዛ እንግዳው ደጅ መጣች። በእኛ አገር ሰሊጥ የሚያመርት ሰው ከመጀመሪያው ጭማቂ ዘይት ይሳላል፤ ክርስቲያኑ ለቤተ ክርስቲያን፣ ሙስሊሙ ለመስጊዱ መብራት። ረፊቃ ደግሞ ባሏ መኪናው ላይ ተኝቶ ሲወጣ ለኩምቢዋ ተስላ ነበር። የጎድጓዳውን ክዳን አስከፍታ ራሷ አፈሰሰች። እያነባች ነበር። እንግዳው ምን ይበላት?

ከዚያ ወዲህ ልማድ ሆነ። መኪናዋ ያደረሰችው ሰው ሲድን ቤተሰቡ ጠርሙሱን ይዞ ይመጣል፤ ጠብ ያደርጋል፣ ቧንቧውን ይነካል፣ አሜን ብሎ ይሄዳል። እንግዳው አንዲት ባልቴትን ሞልቷል እማማ፣ ልብዎ ከደረሰ በቃ ብሏቸው ነበር። የሁሉን ስለት ተቀብላ የእኔን ትመልሳለች ብለው ደጃፉ ላይ ተቀምጠው አለቀሱ። ስለት መመለስ በእኛ ዘንድ ቀላል ነገር አይደለም። ተቀበላቸው። ቀንሶ ለማፍሰስም አስቦ እንደነበር ነግሮኛል፤ የተሳለ ዘይት መሬት ላይ መድፋት እጁ እምቢ አለው። ጎድጓዳው ብረት ነው፣ ውስጡ ከውጭ አይታይም። እንግዳው ደግሞ ቀስ ብሎ የሚነዳ ሰው ነው፤ መኪና ቀስ ብሎ ሲነዳ የተረፈው ዘይት ከቦታው አይነሣም። መስመሯ ግን ከተዋጠች ቆይታለች።

ይህን ኬላው ሳይናገርብን እኔው የምናገረው አውቄ ነው። የራሳችንን ጥፋት ደብቀን የሰው ጥፋት አናወራም።

ዘንድሮ ጥቅምት ላይ የሠራተኛ ደላላ መጣና የተሻለ ቦታ አለ ብሎ የእንግዳውን ሠራተኞች አንሥቶ ወደ አብርሃ ጅራ ወሰዳቸው። ሰሊጡ አፉን መክፈት ጀምሯል። ሰርኬ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ማራገፍ ገባች፤ ቅዳሜ ስለነበረ እኔም አብሬያት ነበርኩ። እንግዳው ማሳው ዳር ጆንያ ይሰፋል። ፀሐይዋ ከአናት ላይ ናት። እህቴ አንዱን ነዶ አነሣችና ቆም አለች።

«ወንድምዓለም፣» አለችኝ፣ «ነደፈኝ።»

ከቁርጭምጭሚቷ በላይ ደም ይንጠባጠባል። እባቡ ሌላው ሂላ ሥር ሲገባ ጭራውን አየሁት።

ጆንያ አንጥፈን ከኋላ አስተኛናት። እኔ አብሬያት ወጣሁ፤ እንግዳው መሪውን ያዘ። እሷ በጋቢናው መስኮት በኩል ጮክ ብላ አረጋጋችው። እኔ ያሠራኋት ኩምቢ ናት፣ ታደርሰኛለች አለችው። ለእኔ ግን ቀስ ብላ፣ ትዕዛዙም እንዲህ ነበር እግሩ ያበጠው አለችኝ።

እንግዳው በዕድሜው እንዲያ ነድቶ አያውቅም። እግሩን ከነዳጁ ላይ አላነሣም። መኪናዋ በሙሉ ሳንባዋ ትስባለች፤ ኩምቢዋ ጆሮዬ አጠገብ ታፏጫለች። ዳገቷን ስንወጣ ደስታ ነገር ተሰማኝ። ትዕዛዙን አልፈነዋል፣ አልኩ በልቤ። ከዳገቷ ማዶ ቁልቁል ኬላው ይታያል፤ ከኬላው ባሻገር አስፋልቱ፣ ከአስፋልቱ ባሻገር ሸሕዲ።

ያኔ የጥብሱ ሽታ በረታ። እሳት ላይ ተረስቶ እንደ ቆየ መጥበሻ ሆነ። ከኋላችን የሚወጣው ጭስ ነጭ ሆኖ መንገዱን ሸፈነው። የሞተሩ ድምፅ እየቀጠነ እየጮኸ ሄደ። እንግዳው እግሩን አነሣ፤ ድምፁ አልወረደም። ፍሬን ያዘ፣ ማርሹን አወጣ፤ ጭራሽ ባሰ። በኋላ ሷሊህ እንዳስረዳን፣ ሞተሩ በጉልበት ሲስብ ከመስመሯ ያለፈውን ዘይት ከአየሩ ጋር ጠራርጎ ወስዶታል። የናፍጣ ሞተር ደግሞ የሚነድ ነገር ከአየሩ ጋር ከገባለት ናፍጣ ቢከለክሉትም አይቆምም፤ ያንኑ እየበላ፣ ጌታውን ሳይሰማ፣ እስኪሰበር ይጋልባል። የመንደሩን ስለት በሙሉ ሲበላ የነበረው ያኔ ነው።

እንዲህ ሆነን ኬላው ደረስን። በየዓመቱ በሰሊጥ ወቅት የሚተከል ጊዜያዊ ኬላ ነው፤ በሁለት በርሜል መካከል የተወጠረ ገመድ፣ ጥቂት ሚሊሻዎች፣ አንድ ኃላፊ። ኃላፊው ዋኘው ይባላል። ሥራው ሰሊጥ ወደ ማዶ በኮንትሮባንድ እንዳይሻገር መጠበቅ ነው። መኪናዋ ገመዱ ጋ ቆመች፤ ሞተሩ ግን እንደ ቆሰለ አውሬ ይጮኻል። ሚሊሻው አጥፋ አለ። ደግሞ አጥፋ አለ። ጠመንጃውን አቀባበለ። እንግዳው የሞተሩን ቁልፍ ነቅሎ በመስኮት እጁን አወጣና አሳየው።

«ቁልፉ እጄ ላይ ነው፣» አለው። «አልጠፋልኝም። አትተኩስ፣ ሚስቴ ከኋላ አለች።»

ሷሊህ በመዳፉ ያደረገው ትዝ አለኝ። ጃኬቴን አውልቄ ጠቀለልኩና በጣሪያው ላይ ተንጠራርቼ የኩምቢዋ አፍ ውስጥ ጠቀጠቅሁት። ጨርቁን ከእጄ ነጥቃ ወደ ውስጥ ሳበችው። ሞተሩ ተንፈራገጠ፣ አነቀው፣ ዝም አለ።

ዝም ሲል እህቴ ዓይኗን ገለጠች።

«ደረስን?» አለች።

አልደረስንም። እንግዳው ጎድጓዳውን ከፍቶ የቀረውን ዘይት ደፋ፤ ያኔ እጁ እምቢ አላለውም። ሊያስነሣ ሞከረ። ከውስጥ አንድ የብረት ድምፅ ተሰማ፤ ከዚያ በኋላ ሞተሩ ንቅንቅ አላለም። አልቆለት ነበር።

አሁን የምላችሁን ልብ በሉ። ከገመዱ ማዶ፣ ግራር ጥላ ሥር፣ አንዲት አዲስ ነጭ ፒካፕ ቆማለች። የኬላው ናት። ሞተሯ ይሠራል፤ ውስጧ አንድ ሰው መስኮቱን ዘግቶ በቅዝቃዜው ተኝቷል። በመስታወቷ ጎን ከጣሪያዋ በላይ የወጣ ጥቁር ቧንቧ አላት። ኩምቢ አላት። ፋብሪካው ራሱ አውጥቶላታል፤ ምክንያቱም ፋብሪካውም የቆላ አቧራ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል።

እንግዳው ወደ ዋኘው ሮጠ። እኩያው ነው፤ ቢሆንም አንቱ አለው፣ ጎንበስ ብሎ ጉልበቱን ነካው። ሚስቴን እባብ ነድፏታል፣ መኪናዬ ሞታለች፣ በእርስዎ መኪና ሸሕዲ ያድርሱልኝ አለ። ዋኘው ወደ መኪናችን መጣ። ደም የሚደማውን የእህቴን እግር አላየም። ዓይኑ ቧንቧው ላይ ነበር።

ይህ ምንድን ነው አለ። የአየር ማስገቢያ ነው አልነው። የመኪናው ቅርጽ ተቀይሯል፣ በማን ፈቃድ አለ። ከዚያ ሽታው ደረሰው፤ የተደፋውን ጎድጓዳ ውስጡን በጣቱ ጠርጎ አሸተተ። የሰሊጥ ዘይት። ፊቱ በራ። ወቅቱን ሙሉ ሲጠብቀው የኖረውን ሌባ ያገኘ መሰለው። በተሰወረ ቧንቧ ዘይት እያሻገራችሁ ነው አለን፤ ቁም ሲባል ሞተር አስጩኾ ለመጣስ መሞከሩም ለዚህ ነው አለን። ባዶ ቧንቧ ከጣሪያ በላይ አውጥቶ ማን ምን እንደሚደብቅበት እግዜር ይወቅ።

እንደማላሸንፈው እያወቅሁ ተከራከርኩት። የእናንተም መኪና ይኸው አላት አልኩት፣ ወደ ግራሩ እያመለከትኩ።

«የእኛው ከፋብሪካ የመጣ ነው፣» አለ።

«እንግዲያው በእሱ አድርሱልን።»

ነዳጁ ለሥራ የተመደበ ነው አለ። ያለ በላይ ፈቃድ መኪናዋ ከኬላ አትርቅም አለ። ስልኩን አውጥቶ ወደ ሰማይ አነሣና ኔትወርክ እንደሌለ አሳየኝ። ከዚያ ስልኩን ኪሱ ከተተና መጋዝ አምጡ አለ።

ብረት መጋዝ አመጡ። እህቴ ጆንያው ላይ ተኝታ፣ ከድዷ ደም መውጣት ጀምሮ፣ ያሠራችውን ቧንቧ ከራስጌዋ ላይ ሲቆርጡት ትሰማለች። መጋዙን የያዘው ሚሊሻ ዓይኔን ማየት አልቻለም። እንግዳው አንዴ ወደ ሚስቱ፣ አንዴ ወደ ነጯ መኪና ይሮጣል፤ መስታወቷን ደበደበ፤ ውስጥ ያለው ሰው ዋኘውን አየና ፊቱን አዞረ። ኩምቢዋ ተቆርጣ ወደቀች። ገለበጧት። ጭቃ የሆነ አቧራ፣ ጠብታ ዘይት፣ የእኔ ጃኬት ወጣ። ሌላ ምንም።

«ባዶ ነው፣» አለ ዋኘው። የተታለለ ሰው አነጋገር ነበር።

ከዚያ በኋላም አላሳለፈንም። ለፍተሻ የቆመች መኪና አልለቅም አለ፤ እኛ መኪናዋ ትቅር፣ ሴትዮዋን ልቀቁ አልን፤ ሴትዮዋንማ ማን ያዛት፣ ሂዱ አለን። በምን እንደምንሄድ አልነገረንም። እህቴን በትከሻችን ተሸክመን ገመዱን አልፈን ወደ አስፋልቱ መሄድ እንደጀመርን ሰሊጥ የጫነ ከባድ መኪና ከኋላችን ገመዱ ጋ መጥቶ ቆመ። ሹፌሩን አላውቀውም፤ ስሙንም አልነገረኝም። ከጋቢናው ወርዶ አብሮን አነሣትና ገመዱን ፍቱ አላቸው። ፈቱለት። የጫነውን ይዞ የቻለውን ያህል ነዳ፤ ከባድ መኪና ግን ከባድ መኪና ነው። ሸሕዲ ስንገባ እህቴ አታወራም ነበር።

የሸሕዲ ሐኪሞች ያላቸውን መድኃኒት ሰጥተው ወደ ጎንደር ላኳት። ጎንደር ነፍሷን አተረፉላት። እግሯን ግን ከጉልበት በላይ ቆረጡት። ሐኪሙን መንገድ ላይ ያጠፋነው ጊዜ ነው ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ሥጋው ሞቶ ነው የደረሰው፣ ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ልናተርፈው እንችል ነበር አለኝ።

ስንመለስ ሰሊጡ በሙሉ ማሳው ላይ ፈስሷል። ወፍ ይለቅመዋል። ሰርኬ ከተከራየነው መኪና ጋቢና ሆና አየችው። ዓይኗ ያረፈው ደጃፏ ላይ ተጥላ ያገኘቻት ቁራጭ ኩምቢ ላይ ነው። ከፍተሻው በኋላ የኬላው ሰዎች የማይረባ ነገር ነው ብለው መልሰዋታል። ከግድግዳው አስደግፏት አለች፤ አስደገፍናት።

በእሑዱ እንግዳው ከቅዳሴ በኋላ የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ላይ ቆመና ሕዝቡን አስቁሞ ተናገረ። ስለታችሁን መመለስ ሲገባኝ ተቀበልኩ፣ መስመሯን አውቄ አሳለፍኳት፣ መኪናዬን የገደልኩት እኔ ነኝ አለ። ይህን ሲል ሰምቶ ያልተሸማቀቀ ካለ ድንጋይ ነው። ረፊቃ ሰምታ ማታውኑ እህቴ ደጅ መጥታ ተቀመጠች፤ የመጀመሪያዋን ጠብታ ያፈሰስኩት እኔ ነኝ አለች። እህቴ እጇን ያዘቻት። ሷሊህ ከአብደራፊ ተመለሰ። ቁራጯን ኩምቢ አየና ከሰው ፊት ኮፍያውን አወለቀ።

«ዘይት ዘይት ነው ብያችሁ ነበር፣» አለ። «አይደለም። ውሸቴን ነው።»

እንግዲህ እኛ መልሰናል። እንግዳው መልሷል፣ ጎረቤቷ መልሳለች፣ ጠጋኙ መልሷል። ያልመለሰ አንድ ሰው ነው።

የሰሊጡ ወቅት ሲዘጋ ስብሰባ ተጠራ። ዋኘው መድረክ ላይ ተቀምጦ ነበር። ኬላውን ያስከበረ ተብሎ ተጨበጨበለት፤ እሱም ተነሥቶ ቅርጻቸውን የቀየሩ ተሽከርካሪዎችን መቆጣጠር እንደተቻለ ተናገረ። ብዙ ቁጥር ተጠቀመ። የተቆጣጠረው አንድ ነው፤ እሱም የእኛ። እጄን አወጣሁ። የጥያቄው ሰዓት አልቋል ተባልኩ። ደግሜ አወጣሁ፤ ማይኩን ወሰዱት። ወደ ቢሮው ሄድኩ፤ መስክ ላይ ናቸው አሉኝ። ሽማግሌ ልኮ በቤት በኩል እንነጋገር አለ፤ ለእህቴ ነገርኳት።

«ይቅርታውን አልፈልግም፣» አለች። «መልሱን ነው የምፈልገው። በሰው ፊት ቆርጦኝ በቤት በኩል አይመልስልኝም።»

ጥፋት በጥፋት አይካካስም። ዘይቱ ከመስመሯ ማለፉ መኪናችንን ገድሏል፤ ለዚያ እኛ ተጠያቂዎች ነን። ግን እህቴን ዘይቱ አላቆማትም። ሞተሩ ዝም ካለ በኋላ፣ አስፋልቱ እየታየ፣ ሌላ ሞተር አጠገቧ እየሠራ ነው የቆመችው።

ስለዚህ ዋኘው፣ ጥያቄዋ አንድ ናት፣ እንዳትጠፋብህ፤ ያች ነጭ መኪና በግራሩ ጥላ ሥር ሞተሯ እየሠራ ሳለ ሰርኬን ለምን አልጫነቻትም? በሽማግሌ አትመልስ፤ በስልክም አትመልስ። ሰርኬ በገበያ ቀን ደጃፏ ላይ፣ ቁራጯ ኩምቢ አጠገብ ተቀምጣ ትጠብቅሃለች። ሕዝቡም ይቆማል። ናና በሕዝብ ፊት መልስላት።